ከ«ሀ» ሳይነሡ

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ የባሕር ዛፍ አጠና እየተከመረ ከሚሸጥበትና ስሙንም ከዚያው ንግድ ከወረሰው ከአጠና ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የፊደል ገበታ ፊት ቆመው ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን ሁሉ በአንድ ቃልና በአንድ ዜማ፣ እንደ ማኅሌተኛ እየተወዛወዙ ሲያወርዱት በሰማሁ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ በደስታ ሞላ። ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድም ፊደል ሳይዘሉ፣ አንዱንም ካዕብ ከሣልሱ ሳያፋልሱ ቢጨርሱ፣ እንግዲህ እነዚህ ልጆች ንባብ ቀርቧቸዋል ብዬ በልቤ ፈረድሁ። መምህርቷ ግን እንደኔ ችኩል አልነበረችም።

ከመሳቢያዋ አንድ የብስኩት ካርቶን አወጣች፤ በመካከሉ የአንድ ፊደል ስፋት ያለው ቀዳዳ ተቆርጦበታል። ካርቶኑን በገበታው ላይ ደግፋ፣ በቀዳዳው አንዲት «ሬ» ብቻ እንድትታይ አድርጋ፣ ሲዘምሩ ድምፁ ከሁሉ ጎልቶ ይሰማ የነበረውን አንድ ልጅ «ይቺ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ፊደሏን አየ፤ ከፊደሏም ይልቅ የካርቶኑን ጠርዝ አየ፤ ጠርዙ ከገበታው ራስጌ ምን ያህል እንደ ራቀ በዓይኑ ከለካ በኋላ፣ በከንፈሩ ብቻ ከ«ሀ» ጀምሮ እያነበነበ ቁልቁል ይወርድ ጀመር፤ «ሠ» ላይ ሲደርስም መንገዱ ጠፋበትና ቆመ። «ቲቸር፣ ካርቶኑን ያንሡልኝና ልንገርዎት» አለ። (እኛ «የኔታ» ባልንበት ስፍራ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ዛሬ «ቲቸር» ይላል፤ ጆሮዬ ግን እስካሁን አልለመደውም።) ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፦ ልጁ የሚያውቀው የ«ሬ»ን መልክ ሳይሆን «ሬ» በገበታው ላይ የምትቀመጥበትን ወንበር ነበር።

በዕረፍት ሰዓት፣ ግቢው በሕፃናት ጩኸት ተሞልቶ ሳለ፣ መምህርቷ ከክፍሏ ደጃፍ ቆማ፣ «እኔም ጋሼ፣ ስመረቅ ይህን አላውቅም ነበር» አለችኝ። «የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ዘፈኑን ሲያወርዱልኝ እያነበቡ መስሎኝ፣ ዕቅዴ ላይ ‹ፊደል ተጠናቀቀ› ብዬ ጻፍሁ። ሁለተኛ ክፍል ሲገቡ ያስተማረቻቸው ጓደኛዬ መጥታ ‹የላክሽልኝ ልጆች ዘማሪ ናቸው እንጂ አንባቢ አይደሉም› ስትለኝ፣ መጀመሪያ ተቀየምኋት።»

ይህች ቃል ወደ ቤቴ ተከትላኝ ሄደች። ምክንያቱም የዚህ ደዌ መድኃኒት በአገራችን ካህናት ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነበርና። በቤተ ክርስቲያን የንባብ ቤት ሥርዓት፣ ሕፃኑ «ሀ ሁ»ን በስንደዶ እየነካ በዜማ ካወረደ በኋላ ወዲያው ወደ መጽሐፍ አይገባም፤ በመካከሉ አቡጊዳ የሚባል ደጅ አለ። የአቡጊዳ የመጀመሪያው መስመር «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ነው፤ ማለትም አንዱ ፊደል በግእዙ፣ ሁለተኛው በካዕቡ፣ ሦስተኛው በሣልሱ እያለ እስከ ሳብዑ ይሄዳል፤ የፊደላቱም ተራ ከ«ሀ ለ ሐ መ» ተራ ፍጹም የተለየ ነው። በልጅነቴ ይህ አቡጊዳ ሕፃናትን ለማስጨነቅ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን፣ ያን ሰንጠረዥ የደረደረው ሊቅ ማንም ይሁን ማን፣ ዜማውን በጆሮው ይዞ መልኩን በዓይኑ ያልያዘ ልጅ እንዳለ፣ እርሱንም ለይቶ የሚያወጣው የለመደውን ተራ መበጥበጥ ብቻ እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቅ እንደ ነበር አልጠራጠርም። ከዚያም ቀጥሎ የዮሐንስ መልእክት የሚነበብበት ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል፤ እርሱም በግእዝ ንባብ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ እየተባለ ከመጎተት ወደ መፍሰስ ደረጃ በደረጃ ያድጋል፤ ከዚያም ዳዊት። የቃሉ ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚታረመውም እዚያው በየኔታ እግር ሥር ነው።

ይህን ስል የንባብ ቤትን እንከን አልባ አድርጌ ለማቅረብ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ዳዊቱን እንደ ውኃ እያፈሰሰ የሚያነበውን የግእዝ ቃል ትርጓሜ ሳያውቅ ዓመታት ያሳልፍ ነበር፤ ምሥጢሩ የሚገለጥለትም፣ ከታደለ፣ ከቅኔ ቤትና ከመጻሕፍት ቤት ሲደርስ ነው። አለንጋውም አይረሳም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከንባብ ቤት የወረሰውን ስመለከት ግን የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም ነገር አለ፤ የወረሰው ዜማውን ነው፤ ገበታውንም ወርሷል፤ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ያሳተሙት የፊደል ገበታ የማያውቀው ቤት በአገራችን ጥቂት ነው፤ አቡጊዳን ግን እንደ አሮጌ ዕቃ ከደጅ ጥሎታል። የኮልፌዋ መምህርት በመቀስ የቆረጠችው ካርቶን፣ እርሷ ባታውቀውም፣ ከደጅ የተጣለው አቡጊዳ በጓሮ ተመልሶ መግባቱ ነው።

ፊደላችን ለልጅ ዓይን ምን ያህል ሸክም እንደ ሆነ ማንበብ የለመደ ሰው ፈጽሞ ይረሳዋል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉት ዲቃሎች ገና ሳይቈጠሩ ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ይበቃዋል፤ ዐረብኛ 28። እርግጥ ነው፣ የእንግሊዝ ልጅ 26ቱን ካወቀ በኋላ ፊደሉ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እየተነበበ ሲያታልለው ዓመታት ይፈጃል፤ የእኛ ፊደል ግን አንዴ ከተያዘ ታማኝ ነው። ጭንቁ እስኪያዝ ነው። «በ» ከ«ሰ» በራሱ ላይ በቆመች አንዲት ዘንግ፣ «ነ» ከ«ኘ»፣ «ደ» ከ«ጀ» በራስ ላይ በተጫነች አንዲት ሰረዝ ይለያያሉ። ካዕቡ በብዙዎቹ ዘንድ ከወገቡ ላይ ቅጥያ ያወጣል ብሎ ልጁ ሕጉን ሲይዝ፣ «ሩ» እና «ፉ» መጥተው ሕጉን ያፈርሱበታል። ሳድሱማ ሕግ የሚባል ነገር አያውቅም፤ «ል»፣ «ር»፣ «ን»፣ «ድ» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይጣመማሉ፤ ይህ ሳይበቃ ሳድስ አንዳንድ ጊዜ ድምፅ አለው፣ አንዳንድ ጊዜ የለውም። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በመልክ ሦስት በድምፅ አንድ መሆናቸውን ለስድስት ዓመት ሕፃን ማስረዳት ደግሞ ከነገረ መለኮት የሚያንስ ሥራ አይደለም።

ከሁሉ የሚረቀው ግን የማይጻፈው ነገር ነው። አማርኛ ጥብቀትንና ላልነትን በፊደል አይለይም፤ «ገና» በዓሉም «ገና» አልደረሰምም በአንድ መልክ ይጻፋሉ፤ «ዋና» ውኃ ውስጥ የሚዋኘውም ከሁሉ የሚበልጠውም ነው። አንባቢው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ምሥጢር ነው፤ ስለዚህ በእኛ ቋንቋ፣ ሳይረዱ ጮኸው ማንበብ እንኳ በወጉ አይቻልም። አፍን የሚቀድመውን ትርጉም ልብ ካልደረሰበት፣ ምላስ ይሰናከላል።

ይህን ዕንቅፋት እኔ የተማርሁት በሰው ፊት ተዋርጄ ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ የተማረ ሁሉ ያስተምር ተብሎ እኔም ገና ጢም ሳላበቅል ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ዘመትሁ። ማንበብ ስለማውቅ ማንበብ ማስተማር የምችል መሰለኝ፤ እንዲህ መስሎት ያልዘመተ ከጓደኞቼ መካከል አንድም አልነበረም። ከተማሪዎቼ አንዷ የልጅ ልጆች ያዩ እናት ነበሩ፤ «ሰፊ» የሚለውን ቃል ጽፌ «ሜዳው ሰፊ ነው» ብለው እንዲያነቡ ስጠይቃቸው፣ ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆይተው «ልጄ፣ ሜዳው ምን ይሰፋል? ልብስ ነው?» አሉኝ። የሳቅን ሁሉ ስቀን ካበቃን በኋላ ግን፣ ለምን አንዱ ቃል የልብስ ሰፊም የሜዳ ስፋትም እንደ ሆነ ላስረዳቸው ብሞክር፣ የማስረዳበት ቃል አጣሁ። ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ፊደል የቈጠረበት፣ በ1980 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ለአገራችን ያስገኘ ታላቅ ሥራ ነው፤ ክብሩን ልቀንስ አልሻም። ነገር ግን ማወቅና ማሳወቅ አንድ ናቸው የሚለው ስሕተት ከዘመቻው ጋር ዘምቶ፣ ከዘመቻውም ጋር ሳይመለስ፣ በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ሰፍሮ ቀረ።

ኮልፌ ለዚህ ታሪክ ባዳ አይደለችም። ከ1971 በፊት፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ የፊደል ሠራዊት በሚል ስም የተካሄደውን የመሠረተ ትምህርት እንቅስቃሴ ከመሩት ሰዎች አንዱ ጄኔራል ታደሰ ብሩ ነበሩ፤ እኒህ ሰው ደግሞ የኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ሰው ናቸው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ሊማሩ ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ የሠለጠኑት በዚሁ በኮልፌ ሰፈር ሲሆን፣ ታደሰ ብሩንም በመጽሐፋቸው ጠቅሰዋቸዋል። ጠብመንጃን የሚያስተምር ሰፈር ምን ያህል ወር እንደሚፈጅ፣ በስንተኛው ቀን መፍታትና መግጠም፣ በስንተኛው ቀን ማነጣጠር እንደሚማሩ በሥርዓት ተጽፎ የተቀመጠለት መሆኑን ሳስብ፣ ፊደልን የሚያስተምረው ሠራዊት ግን ይህን የመሰለ ሥርዓት ሳይሰጠው በቅንነት ብቻ መዝመቱ ይገርመኛል። ታደሰ ብሩ ራሳቸው ኋላ ከመንግሥት ተጣልተው፣ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

የመምህራን ማሠልጠኛ ነገርስ? ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ አብዛኛው ትኩረትም የውጭ ቋንቋ ላይ ነበር። ኢትዮጵያውያንን ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት በመደበኛ ማሠልጠን የተጀመረው ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ገደማ፣ በዚያው በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በየጠቅላይ ግዛቱ ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሆነው ኮተቤም ከከተማይቱ ምሥራቅ ጫፍ ሆኖ ለዐሥርት ዓመታት መምህር ሲያፈራ ኖሯል። ከ12ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት፣ ቀጥሎ ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት፣ ከዚያም ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት እየተባለ የሥልጠናው ዕድሜ ሲለዋወጥ፣ ያልተለወጠው ነገር ንባብን ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ተብሎ አለመቈጠሩ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍልም አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር ካደረገ በኋላ፣ ያ አንድ መምህር የሒሳቡም፣ የአካባቢ ሳይንሱም፣ የሙዚቃውም፣ የስፖርቱም ባለቤት ሆነ። የኮልፌዋ መምህርት በኮሌጇ የአማርኛን ሰዋስው፣ ሥነ ጽሑፍንና የግጥም ዓይነቶችን ተምራለች፤ «ስለ ቅኔ ሰምና ወርቅ ተፈትኜ አልፌአለሁ» አለችኝ እየሳቀች፤ «‹በ›ን ከ‹ሰ› መለየት ያቃተው ልጅ ምን እንደሚደረግለት ግን ማንም አልነገረኝም።» እንዲያውም በየኮሌጁ እንደሚታወቀው፣ የታችኛው ክፍል መምህርነት ውጤቱ ያልበቃው ተማሪ የሚወርድበት የመጨረሻ ደረጃ ተደርጎ ኖሯል፤ ይህ እንግዲህ የቤቱን መሠረት ለጀማሪው፣ ጣራውን ለዋናው ግንበኛ እንደ መስጠት ነው።

ውጤቱ በቍጥር የታየው በ2002 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በስምንት የአገሪቱ ክፍሎች፣ በስድስት ቋንቋዎች፣ ከ13,000 የሚበልጡ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ፣ ለክፍላቸው የተመጠነ አጭር ታሪክ እንዲያነቡ ተደረገ። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ሁለት ዓመት በየቀኑ ማለዳ ተነሥተው ትምህርት ቤት የተመላለሱ ልጆች ናቸው። በሦስተኛ ክፍል እንኳ ከአምስቱ አንዱ እንዲሁ ነበር። ዋናው ቍም ነገር ቍጥሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ልጆቹ አንድ በአንድ መጠራታቸው ነው። በጅምላ ሲዘምሩ የማይታየው፣ ልጁ ብቻውን ከወረቀቱ ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጥ ተገለጠ።

ከዚያ ወዲህ፣ በ2005 ዓ.ም. በተጀመረ ሥራ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ታግዞ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደ አዲስ እንዲዘጋጁ አደረገ፤ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ መምህራንም ስለ ንባብ ማስተማር ሥልጠና ተሰጣቸው። እኔ ያየሁት ግን የዚያን ሁሉ ጥንስስ ሳይሆን ጠብታውን ነው፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በሚገናኙበት የጉድኝት ማዕከል፣ ወደ ሃያ የሚጠጉ መምህራን ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ተሰብስበው ተቀመጡ።

አሠልጣኙ በዕድሜ የገፉ ሱፐርቫይዘር ነበሩ። ሥልጠናውን በንድፈ ሐሳብ አልጀመሩትም፤ ለእያንዳንዱ መምህር ማንም የማያውቃቸው፣ እርሳቸው ራሳቸው የፈጠሯቸው ምልክቶች የተጻፉበት ወረቀት አደሉና «አንብቡ» አሉ። ምልክቶቹን አንድ ጊዜ ብቻ በዜማ አስጠንተዋቸው ነበር። ሃያ መምህራን፣ ከመካከላቸው ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሁሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ከመጀመሪያው ምልክት ጀምረው በጣታቸው ይቈጥሩ ጀመር፤ ልክ እንደዚያ ልጅ። አንዲት መምህርት «ኧረ ራሴን አመመኝ!» ስትል ሁሉም ሳቁ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «እንግዲህ ሕፃኑን ‹ደደብ› ስትሉት ይህን አስታውሱ» አሉ።

ቀጥሎ ፊደል የማይነካ ትምህርት መጣ፤ ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ አስደንቆኛል። ልጅ ፊደል ከማየቱ በፊት ቃል ከድምፆች እንደ ተሠራ ጆሮው መስማት አለበት። «ቡና» በሉ፤ አሁን «ቡ»ን ጣሉ፤ ምን ቀረ? «ና!» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ አንዱ መምህር ተነሥቶ ወደ አሠልጣኙ መጣ፤ ቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ግን ትምህርቱን በሙሉ ተሸክሞታል። ከዚያ የፊደሉ ተራ ራሱ ጥያቄ ተነሣበት፤ ለልጁ መጀመሪያ የሚቀርበው «ሀ» ስለ ቀደመ ብቻ «ሀ» መሆን የለበትም፤ በብዙ ቃላት ውስጥ የሚመላለሱ፣ በመልክም እርስ በርስ የማይምታቱ ፊደላት ቢቀድሙ፣ ልጁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሙሉ ቃል አንብቦ ወደ እናቱ ይሮጣል። መምህሩ አንድ ቃል ሲያነብ በመጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ከልጆቹ ጋር፣ በመጨረሻ ልጁ ብቻውን፤ ይህ ሦስተኛው ብዙዎቻችን የዘለልነው ነው፤ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ስድሳ ጊዜ መስማት ትዕግሥትንም ጊዜንም ስለሚጠይቅ። እንዴት ይደረጋል? ሽማግሌው መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ተአምር አይደለም፤ በቀን አምስት ልጅ፣ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ሲነባበቡ፣ ለእያንዳንዱም በደብተር አንድ ገጽ። በጎኔ የነበሩ አንድ መምህር «ደብተሩን ማን ይገዛል?» ብለው አንሾካሾኩ፤ መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

ኮልፌ ሌላም ትምህርት አላት። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ ጋሞው የሚኖርባት፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚተያዩባት ስለ ሆነች፣ ወደ አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ሁሉ ባዶ እጁን አይመጣም። መምህርቷ ስለ አንዲት ልጅ ነገረችኝ፤ መጽሐፉን ስትገልጥ ሁልጊዜ ጣቷን ከቀኝ ጫፍ ላይ ታሳርፍ ነበር። «ግራና ቀኟን አታውቅም ብዬ ጽፌባት ነበር» አለች። ልጅቷ ግን በጠዋት ቁርኣን ቤት እየሄደች፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ በሚገባ የምታነብ ነበረች። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ይልቅ ንባብ ምን እንደ ሆነ የምታውቀው እርሷ ነበረች ማለት ነው፤ የጐደላት ንባብ ሳይሆን የመንገዱ አቅጣጫ ብቻ። መምህርቷ ስታውቅ ያደረገችው፣ ከእያንዳንዱ መስመር መነሻ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ ማኖር ነበር፤ በሳምንቱ ነጥቡ አላስፈለገም። አማርኛን ከትምህርት ቤት ደጃፍ በፊት ከቶ ያልሰሙትን ልጆች ነገር ግን ቀይ ነጥብ አይፈታውም፤ «ና» ቃል መሆኑን የማያውቅ ልጅ ዘንድ የ«ቡና» ቀልድ ቀልድ አይሆንምና።

ወደ ኮልፌው ክፍል የተመለስሁት ጥር ላይ ነው። ፈረቃው አልቆ ልጆቹ ወጥተዋል፤ መምህርቷ ብቻዋን ቀርታ የልጆቹን ስም በየገጹ የያዘ ደብተሯን ትገለብጣለች። ከተፈቀደልኝ አንድ ገጽ ልይ ብዬ ስጠይቃት የዚያን የ«ሬ»ውን ልጅ ገጽ ከፈተችልኝ። በላዩ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ፊደላት ነበሩ፤ «ሬ» ተሰርዛለች፤ «ሰ» ተሰርዛለች፤ «ኘ» ተሰርዛ እንደ ገና ተጽፋለች፤ «ኘን ከነ እንደ ገና ያዞርብኛል» አለች። ከሥሩ «ጐ» ብቻዋን አለች፣ ከጎኗም የጥያቄ ምልክት።

«ይቺስ?» አልኋት።

«እሷን ትናንት እሱ ራሱ ነው የጠየቀኝ፣ ጋሼ። ‹ቲቸር፣ ጎ እና ጐ አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት ናቸው?› አለኝ።» ከዚያ ካርቶኑን ወደ መሳቢያው መልሳ፣ «እርስዎ ያውቁታል?» ብላ ጠየቀችኝ።